ዛፍ በሌለበት ደሴት፦ የስካራ ብሬይን ቤት ከልጆች ጋር እንዴት ሠራነው

ኤድንብራ ለሚኖሩ የሀበሻ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ታሪክ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የጥንት ሰዎች በትናንሽ ደሴቶች ላይ እንዴት እንደኖሩ ላሳያቸው ፈልጌ የስካራ ብሬይን መንደር መረጥኩ። ከስኮትላንድ በስተሰሜን፣ ኦርክኒ በሚባሉት ደሴቶች ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1850 ኃይለኛ ማዕበል አሸዋውን ጠርጎ አወጣው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3180 እስከ 2500 ገደማ ሰው ኖሮበታል።

ልጆቹን መጀመሪያ የጠየቅኋቸው ደሴቱ ላይ የጠፋው ምንድን ነው ብዬ ነው። እንጨት! ዛፍ እምብዛም ስላልነበረ ሰዎቹ ዐይናቸውን ወደ ድንጋዩ አዞሩ። የኦርክኒ ድንጋይ ደግሞ በተፈጥሮው እንደ ጣውላ እየተሰነጠቀ ይወጣል። መደቡን፣ መደርደሪያውን፣ የእህልና የዕቃ ሣጥኑን ሁሉ በእሱ ሠሩ። ለዚህ ነው ከ5000 ዓመት በኋላ የቤት ዕቃቸው ቦታውን ሳይለቅ የምናየው። እንጨት ቢኖራቸው ኖሮ ይህ ሁሉ በስብሶ ይቀር ነበር።

እኛም ስስ የጣሪያ ድንጋይ ስብርባሪ ለቅመን ያለ ጭቃ ካብ ካብን። መሃል ላይ ምድጃ፣ በግራና በቀኝ መደብ፣ ከበሩ ትይዩ መደርደሪያ። በሩን ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት አደረግነው፤ የእነሱም እንደዚያው ነው። ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረን ግን ግድግዳው ነው። የስካራ ብሬይ ሰዎች ቤታቸውን በአሮጌ የጉድፍ ቁልል ውስጥ ቀብረው ነው የሠሩት፤ አመድ፣ ዛጎል፣ አጥንትና ፍግ ተከማችቶ እንደ አፈር የሆነ ነገር። እኛም አመድና አፈር ቀላቅለን ከውጭ ስንጠቀጥቅበት ካቡ ቀጥ ብሎ ቆመ። የአትላንቲክ ነፋስ ያለማቋረጥ በሚመታው ዳርቻ ላይ ያ ቁልል ምን ያህል ብርድ እንደሚከላከል ለልጆቹ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ቤቶቹንም በጣሪያ በተሸፈነ ጠባብ መተላለፊያ አገናኝተዋቸዋል፤ ጎረቤት ለመጠየቅ ደጅ መውጣት አያስፈልግም።

ምግባቸውን በተመለከተ፣ ከባሕሩ ዓሣና ዛጎል ለበስ ፍጥረታትን ያገኙ ነበር። ከብቱን፣ በጉንና የገብሱን ዘር ግን በጀልባ ነው ያሻገሩት። ቀይ አጋዘንም ቢሆን ሰው ያመጣው ነው። እኔን እስካሁን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ በዚያ ሞገድ ላይ የታሰረ ጥጃ ይዞ መቅዘፍ!

እንዲህ ዓይነት ሞዴል ለመሥራት ለሚያስብ አስተማሪ የምመክረው ጣሪያውን ክፍት እንዲተው ነው። የጥንቱ ጣሪያ አልተረፈም፤ ስለዚህ ልጆቹ ራሳቸው ይመራመሩበት። የእኛዎቹ አንዱ የዓሣ ነባሪ አጥንት፣ አንዷ ማዕበል የገፋው ግንድ፣ ሌላው ሣር አለ። ሦስቱንም የአርኪዎሎጂ ባለሙያዎች አስበውባቸዋል።