ከአቦል እስከ በረካ፦ ዓለምን በሦስት ጣሳ ያጠናሁበት ዘዴ

በጽሕፈት መሣሪያ መደብሬ ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ የሰቀልኩት ለጌጥ ብዬ አይደለም፤ የሚገዛው ሰው ጠፍቶ ነው። ደሴ ላይ ደብተር ይሸጣል፣ እስክሪብቶ ይሸጣል፣ ፎቶ ኮፒ ማንሻውም በመስከረምና በሰኔ አያርፍም። ያንን ካርታ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ዋጋውን ጠይቆ ከመሄድ በቀር እጁን ወደ ኪሱ የሰደደለት የለም። ጠርዙ መቀደድ ሲጀምር በአራት ሚስማር ግድግዳው ላይ መታሁትና ተገላገልኩ።

የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ስምንተኛ ክፍል የሚማረው የእህቴ ልጅ አንድ ቀን የቤት ሥራውን ይዞ መጣና «አጎቴ፣ ከአፍሪካ በቆዳ ስፋት ትልቁ አገር የትኛው ነው?» አለኝ። ቀና እንኳ ሳልል «ሱዳን» አልኩት። በማግስቱ ደብተሩ ላይ ቀይ ኤክስ ተሸክሞ ተመለሰ። መልሱ አልጄሪያ ነበር። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ራሷን ከቻለች ወዲህ ሱዳን ያንን ማዕረግ አጥታለች፤ የእኔ ካርታ ግን ከዚያ በፊት የታተመ ስለሆነ ሁለቱን አገሮች እስከ ዛሬ በአንድ ቢጫ ቀለም አቅፏቸዋል። እኔም ከካርታው ጋር እዚያው ቆሜ ቀርቻለሁ። ተማሪ ሳለሁ በጂኦግራፊ የሚቀድመኝ አልነበረም። ልጁ ለክፍል ጓደኞቹ «አጎቴ ነው የነገረኝ» ሲላቸው በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝና ጆሮዬ ጋለ።

በዚያው ምሽት መደብሩን ከዘጋሁ በኋላ ራሴን ልፈትን ተነሣሁ። ስስ ወረቀት ከካርታው ላይ ደርቤ የአፍሪካን ድንበሮች በእርሳስ ቀዳሁ፤ ካርታው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ክንዴ ዛለ። የደቡብ ሱዳንን መስመር ከልጁ መጽሐፍ እያየሁ ጨመርኩ። ስም የሚባል ነገር አልጻፍኩበትም። ከዚያ በፎቶ ኮፒ አባዛሁትና አንዱን ይዤ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። በተባበሩት መንግሥታት አባልነት ከተመዘገቡት 54 የአፍሪካ አገሮች 31 ብቻ በትክክል ሞላሁ።

ምሥራቅ አፍሪካን እንደ ሰፈሬ ነው የሞላሁት። ምዕራብ ስደርስ እጄ ቆመ። ጊኒ የቷ፣ ጊኒ ቢሳው የቷ? ኢኳቶሪያል ጊኒን ወስጄ ሴራሊዮን ላይ ተከልኳት። ቶጎና ቤኒንን አቀያየርኳቸው። ሌሶቶን ደግሞ ዙሪያዋን ደቡብ አፍሪካ ስለ ከበባት ሐይቅ ናት ብዬ አለፍኳት። ካርታ ፊት ቆሞ ስሞቹን እያነበቡ «ይህን አውቀዋለሁ» ማለትና ስሙን ከራስ አውጥቶ ባዶው ቦታ ላይ ማስቀመጥ ለካ የሚያገናኛቸው የለም። ሁለት ዓመት ያንን ካርታ በየቀኑ እያየሁ ኖሬያለሁ፤ ማየቱ ምንም አልጠቀመኝም።

እናቴ የዱቄት ወተት ጣሳ አትጥልም። ሦስት ጣሳ ለመንኳትና አንዱን አቦል፣ አንዱን ቶና፣ አንዱን በረካ ብዬ ጻፍኩባቸው። ከደብተር ማሸጊያ ካርቶን ትንንሽ ካርዶች ቆርጬ በፊታቸው ጥያቄ፣ በጀርባቸው መልስ አሰፈርኩ። አዲስ ካርድ ሁሉ አቦል ውስጥ ይገባል፤ አቦልን በየቀኑ እጠይቃለሁ። የመለስኩት ወደ ቶና ያልፋል፤ ቶና በሦስት ቀን አንዴ ነው። እዚያም ከመለስኩት በረካ ይገባል፤ በረካን ዓርብ ዓርብ ብቻ እከፍተዋለሁ። የሳትኩት ካርድ የትም ይሁን የት ወደ አቦል ይመለሳል። ስሙን ያወጣሁት ለቀልድ ነበር፤ ነገር ግን በወሎ ቤት በረካ ሳይጠጣ የሚነሣ እንግዳ ያስቀይማልና ካርዱን መሃል ላይ መተው ነውር እየመሰለኝ ሄደ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሴን በደንብ አድርጌ አታለልኩ። ካርዱን ገልብጬ መልሱን ሳየው «አፌ ላይ ነበር» እያልኩ ወደ ቶና አሳልፈዋለሁ። በረካ ጣሳ ሞላ፤ ደስ አለኝ። አንድ ዓርብ ያንን ጣሳ ደፍቼ ስጠይቅ ግማሹ ጠፋኝ። ከዚያ በኋላ መልሱን በወረቀት ሳልጽፍ ካርድ አልገለብጥም። አፌ ላይ ያለ መልስ መልስ አይደለም፤ ይህን ለእህቴ ልጅም ነግሬዋለሁ፤ አልወደደውም።

የስህተት ደብተርም ያዝኩ። ደብተሩን ሳገላብጥ የገረመኝ ስህተቴ ዝም ብሎ የተበተነ አለመሆኑ ነው። የአውስትራሊያን ዋና ከተማ ሲድኒ፣ የቱርክን ኢስታንቡል፣ የናይጄሪያን ሌጎስ፣ የብራዚልን ሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ የታንዛኒያን ዳሬሰላም ብያለሁ። ሁሉም ስማቸው የገነነ፣ ሁሉም የባሕር ዳር ከተሞች ናቸው። ትክክለኞቹ ካንቤራ፣ አንካራ፣ አቡጃ፣ ብራዚሊያና ዶዶማ ሁሉም ወደ መሃል አገር ገባ ያሉ ናቸው። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1960፣ ናይጄሪያ በ1991 ዋና ከተማቸውን ከባሕር ዳር አንሥተው ወደ ውስጥ ወስደዋል። ይህን ካየሁ ወዲህ አምስቱን ካርዶች አንድ ላይ በላስቲክ አሰርኳቸው፤ አንዱ ሲመጣ ሌሎቹም ይመጣሉ። ካዛክስታን ግን አሳቀችኝ። ዋና ከተማዋን አስታናን እ.ኤ.አ. በ2019 ኑርሱልጣን ብላ ሰየመች፣ በ2022 መልሳ አስታና አለቻት። አሮጌው ካርታዬ ተኝቶ ነቃና ትክክል ሆኖ ተገኘ።

የጉብኝት ቦታዎችን የተማርኩት ከካላንደር ነው። የአሮጌ ካላንደር ሥዕል የማይሰቀልበት ሳሎን የለም፤ ዓመቱ ያልፋል፣ ሥዕሉ ይቀራል። ከጎረቤት ለምኜ ሰበሰብኩና እየቆረጥኩ ካርቶን ላይ ለጠፍኳቸው። እናቴ ቤት ከልጅነቴ ጀምሮ የተሰቀለ፣ ጫካ መሃል ያለ ነጭ ቤተ መንግሥት አለ፤ እኛ ቤት ስሙ «ስዊዘርላንድ» ነው። ኖይሽቫንሽታይን ይባላል፤ ያለውም ጀርመን ባቫሪያ ውስጥ ነው። ንጉሥ ሉድቪግ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1869 ማሠራት የጀመረው ነው። ለእናቴ ስነግራት «እኔ ስዊዘርላንድ ብዬዋለሁ፤ ስዊዘርላንድ ነው» አለችኝ። አልተከራከርኩም።

ሌላው የፔሩ ማቹ ፒቹ ነው። ደመና በተራራዎቹ ወገብ ላይ ተጠምጥሞ ሳየው ከሰማይ ጥግ ያለ ከተማ ይመስለኝ ነበር። ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ ከከተማዋ አጠገብ ያለው ጦሳ ተራራ አናት ላይ የወጣ ሰው ደግሞ ማቹ ፒቹን ቁልቁል ነው የሚያያት። ይህን ካወቅሁ በኋላ የከፍታ ካርዶች አልጠፉኝም፤ ሁሉንም ከደሴ በላይና ከደሴ በታች ብዬ ከፈልኳቸው። የኮሎምቢያዋ ቦጎታና የኢኳዶሯ ኪቶ ከእኛ በላይ፣ ሜክሲኮ ሲቲ ከእኛ በታች።

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ የሆነ የልጅነት ጓደኛ አለኝ። ስልክ ደውዬ ስለ ጣሳዎቹ ስፎክርበት «እንግዲያው ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የመጀመሪያ ዝርዝር ስትመዘገብ አብረዋት የገቡትን ቁጠርልኝ» አለኝ። ስሜን ተራሮችን ጠርቼ ዝም አልኩ። ዝርዝሩ 12 ቦታዎች ብቻ ነበሩት፤ ከነዚያ ሁለቱ የእኛ ናቸው። የቀሩት የኢኳዶር ጋላፓጎስ ደሴቶችና ኪቶ፣ የጀርመኑ የአኸን ካቴድራል፣ የካናዳዎቹ ናሃኒና ላንስ ኦ ሜዶስ፣ የአሜሪካዎቹ የሎውስቶንና ሜሳ ቨርዴ፣ የሴኔጋሏ ጎሬ ደሴት፣ የፖላንድ ክራኮቭና የቬሊችካ የጨው ማዕድን ናቸው። በሦስት ሳምንት ነው በረካ ያስገባኋቸው። ቬሊችካ ብቻ በመጀመሪያው ቀን ተጣበቀችብኝ፤ ቆፋሪዎች ከምድር በታች ጨዉን ፈልፍለው ጸሎት ቤት አበጅተውበታል። ላሊበላን ከአለት፣ ቬሊችካን ከአሞሌ ብዬ ያዝኳት።

ከዚያ ዕውቀቴን በሌላው ላይ ልሞክር አሰብኩና ተበላሸ። እሑድ እናቴ ቤት ቡና ሲፈላ ካርዶቼን ይዤ ሄድኩና ጎረቤቶቿን በተራ መጠየቅ ጀመርኩ። «የሞንጎሊያ ዋና ከተማ?» ዝምታ። «የዓለም ረጅሙ የተራራ ሰንሰለት?» ዝምታ። እናቴ ጀበናዋን አንሥታ «ቡና ልናፈላ ነው ወይስ ሚኒስትሪ ልንፈተን?» አለችኝ። ቆሎውን ማንም አልነካውም።

ቶና ሲቀዳ አንዷ ጎረቤት ከሰዓቷ ላይ ቀና ብላ «ዱባይ አሁን አንድ ሰዓት ቀድማናለች፤ ልጄ ሥራ ገብታለች፣ በኋላ ነው የምትደውለው» አለች። ሌላዋ ሳዑዲ ከእኛ ጋር ሰዓቷ አንድ እንደሆነ፣ ቤይሩት ደግሞ በእነሱ የብርድ ወራት ሰዓቷ ከእኛ እንደሚለይ ተናገረች። ጅዳ በየትኛው ባሕር፣ ደማም በየትኛው ባሕር እንዳሉ፣ ሪያድ ባሕር እንደሌላት ሲነጋገሩ ካርዶቼን ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኳቸው። በረካ ላይ ጠያቂዎቹ እነሱ ነበሩ፤ ከአምስት ሁለት መለስኩ።

ትልቁ ውድቀቴ ግን በመደብሬ በር ላይ ነው። ጎረቤታችን ሐጂ የከሰዓት በኋላውን የአስር ሶላት ሰግደው ሲመለሱ አግዳሚዬ ላይ አረፍ ይላሉ። ካርታውን ሲያዩ ቆዩና «አንተ ልጅ፣ እስኪ እኔም ልጠይቅህ። መካ ከዚህ በየት በኩል ናት?» አሉኝ።

«በምሥራቅ ነዋ፣ ሐጂ!» አልኳቸው። ዓረብ አገር ለእኔ ፀሐይ መውጫ ነው።

ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እንግዲያው እኔ ስልሳ ዓመት ሙሉ በሰሜን ወደ ሐይቅ ከተማ መንገድ ዞሬ የሰገድኩት ማንን ብዬ ነው?»

ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁ። ደሴ በኬንትሮስ 39.6 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ላይ ናት፤ መካ 39.8፣ መዲና 39.6። ቂብላ፣ ማለትም ሲሰገድ ፊት የሚዞርበት አቅጣጫ፣ ከደሴ ቀጥ ብሎ ሰሜን ነው፤ በአየር ከ1,100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ማስመሪያውን ሳላነሣ ወደ ላይ ተከተልኩት፦ ወልድያ፣ መቀሌ፣ ምጽዋ ጠርዙን ይነካሉ፤ ከመዲና አልፎ በጥቁር ባሕር ዳር የቱርኳን ትራብዞን፣ ከባሕሩ ማዶ የሩሲያዋን ሮስቶቭ ያገኛል። ወደ ታች ስወርድ ሞምባሳ። ከዚያ ማስመሪያውን አጋደምኩት። በደሴ ኬክሮስ ወደ ምዕራብ ስሄድ የናይጄሪያዋ ዛሪያ፣ የቡርኪና ፋሶዋ ቦቦ ዲዮላሶ፣ ከአትላንቲክ ማዶ የኮሎምቢያዋ ሳንታ ማርታ አሉ። ፓስፊክን ተሻግሬ በፊሊፒንስ፣ በፕኖም ፔንና በሆ ቺ ሚን ከተማ መካከል፣ በደቡብ ህንድ በኩል ዞሬ በሶማሊያዋ ቦሳሶ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከጣሳዎቹ ጋር ወራት ያሳለፍኩት ሰውዬ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከዚያ የበለጠ ቦታ ያዝኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ ካርድ ስጽፍ ጥግ ላይ ከደሴ በየት አቅጣጫ እንደሆነ ሳልጠቅስ አልተውም።

ርቀት ለመለካት ክር መጠቀም ስጀምርም ካርታው ሌላ ጉድ አሳየኝ። ግሪንላንድ አፍሪካን የምታክል ሆና ተሥላለች፤ አፍሪካ ግን 14 ግሪንላንድ ትውጣለች። ሉልን በጠፍጣፋ ወረቀት ለመዘርጋት ሲባል ወደ ዋልታ ያለው ሁሉ ይለጠጣል። ስለዚህ በክር የምለካው ከምድር ወገብ ብዙ ያልራቀውን ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሐጂ ስልካቸውን በእጃቸው እንደያዙ መጡ። ሴት ልጃቸው ደማም ከሄደች አምስት ዓመት ሆኗታል። «ያንን ክርህን እስኪ አምጣው» አሉኝ። «እዚያ ሆና ስትሰግድ ፊቷ ወዴት ነው?»

አንዱን ጫፍ ደማም ላይ በስፒል ወጋሁና ሌላውን ወደ መካ ሳብኩት። «ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ሐጂ።»

«የእኔስ?»

ሁለተኛ ክር ከደሴ ሽቅብ ሳብኩ። ክሮቹ መካ ላይ ተገናኙ። ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው በኩታቸው ጠረጉና ጠጋ ብለው አዩ። «ጀርባ የተሰጣጣን ነበር የመሰለኝ» አሉ። ክሩን ልሰበስብ እጄን ስዘረጋ ያዙኝ። እስካሁን እዚያው እንደተወጠረ ነው፤ ካርታውን ሊገዛ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣም አልሸጠውም።