ጳጉሜን የማያውቀው የእድር ዌብሳይት

እኛ ቱሉ ዲምቱ የምንኖር ሰዎች ምንም አይጎድለንም። ውሃው በፈረቃ ይመጣል፣ ታክሲው ሲገኝ ይገኛል፣ ኔትወርኩም መስኮት ላይ ለወጣ ሰው አለ። የቀረን ዌብሳይት ብቻ ነበር። የብሎካችን እድር እሱንም ሊያሟላልን ወሰነ።

ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ ሻምበል ናቸው። ሥራውን ለእኔና ለእህታቸው ልጅ ሰጡን። እኔ እንጀራዬ ዌብ መሥራት ነው። ልጁ ኮርሱን ጨርሶ ሰርተፊኬቱን ገና መቀበሉ ነው።

"ምን እንዲሠራላችሁ ነው?" አልኳቸው።

"ማስታወቂያ። ማን አረፈ፣ ቀብሩ የት ነው፣ ስብሰባው መቼ ነው።"

ለዚህማ በኤችቲኤምኤል፣ ማለትም በመሠረታዊው የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ፣ የተሠራ አንድ ተራ ገጽ ይበቃል። ቀላል ነው፣ በአሮጌ ስልክም ይከፈታል። ልጁ ግን ከልቡ አዘነልኝ። "ጋሼ፣ አሁንም በባዶ ኤችቲኤምኤል የሚሠራ ሰው አለ? ሪአክት ነው እንጂ!"

ሪአክትን አልጠላውም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሁሉም ክፍት ያደረገው፣ በጃቫስክሪፕት የፕሮግራም ቋንቋ ገጽ የሚሠራበት መሣሪያ ነው። ገጹ ላይ በየሰከንዱ የሚቀያየር ነገር ሲበዛ ነፍስ ነው። የእኛ እድር ላይ በየሰከንዱ የሚቀያየር ነገር ካለ ግን፣ እግዜር ይጠብቀን፣ ሰፈሩ አልቋል ማለት ነው። ለቀብር ማስታወቂያ ሪአክት ማምጣት ለአንድ ስኒ ቡና ድንኳን መትከል ነው ብዬ ተከራከርኩ። ልጁ አልሰማኝም። የሻምበልን ስልክ ሆትስፖት አስከፍቶ ማውረድ ጀመረ። አንድ መስመር ሳይጽፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች ወረዱ። የሻምበል የወር ዳታም አብሮ ወረደ።

በዚህ መሃል ኮሚቴው ጣዕሙን አገኘው። ገንዘብ ያዡ "ክፍያም ይመዝገብበት" አሉ። ሻምበል ቀጠሉ፤ "አባል የራሱን ዕዳ ይይበት። የጎረቤቱን ግን እንዳያይ!"

እዚህ ላይ እኔም ዞርኩ። የይለፍ ቃል፣ ገንዘብ፣ ማን ምን ያያል የሚል ነገር ከመጣ በባዶ እጅ አይገባም። ጃንጎን እንጠቀም አልኩ። ጃንጎ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ዌብሳይት የሚሠራበት መሣሪያ ነው፤ አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ አንድ ጋዜጣ ቤት ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ወጣ። መግቢያውም፣ የተጠቃሚ ፈቃዱም፣ መረጃ ማስገቢያ ገጹም ተሠርቶ ይመጣል። የይለፍ ቃል አጠባበቅን እንደ አዲስ ከመጻፍ በብዙ ሰው የተፈተነውን መውሰድ ይሻላል። ልጁ "በጃቫስክሪፕት ሁሉም ይቻላል" አለና ሲነኩት የሚያበራ ቁልፍ አሳያቸው። ድምፅ ተሰጠ። ቁልፉ አሸነፈ።

የአዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ በሬ ተንኳኳ። በግ ሻጭ መስሎኝ ስከፍት የታችኛው ፎቅ እትዬ ናቸው። ደረሰኛቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ዘረጉልኝ።

"ልጄ፣ እኔ ጥቅምትን አልከፈልኩም?"

ለካ ሻምበል "ጎረቤት እንዳያይ" ያሉትን የዕዳ ዝርዝር ራሳቸው አሳትመው ደረጃው ሥር ለጥፈውታል። ወርጄ አየሁት። ግማሹ ብሎክ ጥቅምትን ዘሏል፣ ኅዳርን ደግሞ ሁለቴ ከፍሏል። ሁሉም ላይ ቅጣት ተጨምሯል። ሻምበል ነሐሴን ያልከፈሉ ሆነው፣ መስከረም 3 ቀን 2018 ግን ከፍለዋል ይላል። መስከረም ገና አልገባም!

ደረሰኞቹን ሳይ ገባኝ። እትዬ የከፈሉት ጥቅምት 30 ነው። ሰዉ እድር የሚከፍለው በወሩ መጨረሻ ቀን አይደል? ልጁ የእኛን ቀን እንዳለ ለጃቫስክሪፕት ሰጥቶታል። እዚያ ላይ ጃቫስክሪፕት ቀን የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ነው። ሁለተኛው ወር ጥቅምት ለእሱ ፌብሩዋሪ ነው፤ 28 ቀን። ስለዚህ ጥቅምት 30ን ገፍቶ ኅዳር 2 አደረገው። ሻምበል የነሐሴን የከፈሉት ጳጉሜ 3 ነበር። 13ኛ ወር ሲመጣበት ሳያንገራግር ወደሚቀጥለው ዓመት አሻገራቸው። ፓይተን ቢሆን ቢያንስ ይጮህ ነበር፤ ወሩ ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት ብሎ ይቆማል። ጃቫስክሪፕት ይሉኝታው ገደለን።

እውነቱን ለመናገር ጃንጎም ቢሆን ጳጉሜን አያውቅም። ቀኑን በፈረንጅ አስቀምጦ ለሰው ሲያሳዩ ብቻ ወደ እኛ መቀየር ነው መፍትሔው። የዛሬ ብሮውዘሮች እኮ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ራሳቸው ማሳየት ይችላሉ። ልጁን አስቀምጬ ይህን ሳሳየው ዓይኑ ፈጠጠ። "ኮርሱ ላይ አልነበረም" አለኝ። አልዋሸም።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። እትዬ ቅጣቱ ካልተሰረዘ ከእድሩ እንደሚወጡ፣ ሲወጡም የእድሩን ትልቁን ብረት ድስት ይዘው እንደሚሄዱ አስታወቁ። ድስቱ እሳቸው ቤት ነው ያለው። ቅጣቱ ወዲያው ተሰረዘ። ማስታወቂያው በእኔ ተራ ገጽ፣ ሂሳቡ በጃንጎ እንዲሠራ፣ እስከዚያው ገንዘብ ያዡ በደብተራቸው እንዲቀጥሉ ተስማማን። ሻምበል ቃለ ጉባኤውን በወታደር ድምፅ አነበቡት፤

"ጃቫስክሪፕት የተባለው ግለሰብ ከዛሬ ጀምሮ በእድሩ ሂሳብ ጣልቃ እንዳይገባ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።"