ቹቾ ከአባቱ ጋር ሲጫወት

ሰሞኑን ጆሮዬ ከቹቾ ቫልዴስ ሌላ አልሰማም ብሏል። ማታ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ እሱን እከፍታለሁ።

ስለዚህ ኩባዊ ፒያኒስት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ፍጥነቱ ነው። እውነት ነው፣ አፍ ያስከፍታል። ቁመቱ ረጅም፣ መዳፉ ሰፊ ነው። ፒያኖውን ከዳር እስከ ዳር ሲያዳርሰው ባለ አራት እጅ ይመስላል። ክላሲካል ተምሯል፤ ጃዙም ገብቶታል። በ1973 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ኢራኬሬ የተባለ ባንድ ደግሞ ባታ የሚባሉትን፣ ከዮሩባ ሕዝብ የመጡ የአምልኮ ከበሮዎች ከጃዝና ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር አዋሕዷል። ፒያኖውንም ቢሆን ብዙ ጊዜ እንደ ከበሮ ነው የሚመታው። የሙላቱ አስታጥቄን የ1966 የኒውዮርክ አልበሞች የሚወድ ሰው ምቱ እንግዳ አይሆንበትም።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ጎርፍ መሃል ዜማው አይጠፋበትም። ትናንት ማታ ግራ እጁን ብቻ ለይቼ አዳመጥኩ። ቱምባኦ የሚሉትን፣ እየተመላለሰ የሚደገም ሐረግ ይዟል። ከምቱ ትንሽ ቀደም እያለ ይገባል፤ ሰውነት ሳያስበው እንዲወዛወዝ የሚያደርገው ይሄ ነው። ቀኝ እጁ ከላይ እንዳሻው ይሮጣል። ራቀ፣ አሁንስ ጠፋ ስል መልሶ ዜማውን ይይዘዋል። እኔ እንኳ ላንጎራጉረው የምችለው ዜማ ነው።

ይህን ከማን እንዳገኘው አባቱን ስሰማ ገባኝ። ቤቦ ቫልዴስ በሃቫናው ትሮፒካና የምሽት ክበብ ስመ ጥር ፒያኒስትና አቀናባሪ ነበር። አባትና ልጅ የተወለዱት ኪቪካን በምትባል አንድ ከተማ፣ ያውም በአንድ ቀን፣ ኦክቶበር 9 ነው። ቤቦ በ1960 ከኩባ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ስቶክሆልም ላይ አግብቶ፣ ሆቴል ውስጥ ፒያኖ እየተጫወተ ዓመታት ገፋ። ከቹቾ ጋር ዳግም የተያዩት በ1978፣ ኢራኬሬ ኒውዮርክ መጥቶ ካርኔጊ ሆል ሲጫወት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት! ዘመድ በስደት የተለየው ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም።

በ2000 በወጣው «ካዬ 54» በተባለ የሙዚቃ ፊልም ሁለቱ በሁለት ፒያኖ «ላ ኮምፓርሳ»ን ይጫወታሉ። የኤርኔስቶ ሌኩኦና ድርሰት ነው። የካርኒቫል ሰልፍ ከሩቅ ይመጣል፣ አጠገባችን ሲደርስ ይደምቃል፣ ከዚያ እየራቀ ይሄዳል። እዚህ ላይ ቹቾ ያን ሁሉ ጉልበቱን ይሰበስባል። አይሽቀዳደሙም። እኔ ልታይ የሚል የለም። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ደጋግሜ ባየው ባየው አንጀቴን ይበላኛል። ይህ ቁጥብነቱ ለእኔ ከፍጥነቱ ይበልጣል። መሮጥ እየቻለ፣ ለአባቱ ብሎ ዝግ ይላል።

አብረው የሠሩት «ሁንቶስ ፓራ ሲየምፕሬ» የተባለው አልበም ሲወጣ ቤቦ ዕድሜው 90 ደርሶ ነበር። ግራሚም አሸንፎበታል። በ2013 አረፈ። ቹቾን የማያውቅ ወዳጅ ካለኝ ከዚህ አልበም ጀምር ነው የምለው። ኢራኬሬን በኋላ ይደርስበታል።