ገደ ቢስ

ዛሬ ከሰዓት ነፋሱ አዳማን አቧራ በአቧራ ሲያደርጋት ልቤም አብሮ ደፍርሶ ዋለ። ፍራንኮ ሰፈር ያለው ያ ሱቅ እንደገና ተዘግቷል። አንዱ ከባጃጅ ውስጥ «ገደ ቢስ ቤት!» ብሎ አለፈ። ቃሉ ግን እኔው ጋ ቀረ።

ለምን «ዕድለ ቢስ ቤት» አላለም? ዕድል ከ«ዐደለ» የመጣ ነው፤ ለእያንዳንዱ የደረሰው ድርሻ። ዕድለ ቢስ ጉዳቱ ለራሱ ነውና «አልታደለም» ብለን እናዝንለታለን። ገድ ግን ከእግር፣ ከቀን፣ ከዕቃ፣ ከቤት ጋር ወደ ሌላው የሚሻገር ምልክት ነው። ነጋዴ የጠዋቱ የመጀመሪያ ገዢ ገበያውን ካደራለት «ገደኛ ነህ» ይለዋል። ሲመጣ በረከት የሚከተለው እንግዳ «እግረ እርጥብ» ነው። እዚህ «ሚልኪ» የሚሉም ብዙ ናቸው፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም ይጋራዋል። ገደ ቢስ ሲባል እንግዲህ የሚታዘንለት ሳይሆን የሚሸሽ ነው።

የሚከብደው «ቢስ» ነው። ዋጋ ቢስ፣ ፍሬ ቢስ፣ አቅመ ቢስ ስለምንል «የሌለው» ማለት ብቻ ይመስለናል። «ቢስ አይይህ» ብሎ የሚመርቅ አዛውንት ግን ቢስ ያለው ክፉውን ራሱን ነው። በግዕዝ «ብእሰ» ከፋ ማለት ነው፤ የእኛ «ባሰ»ም ከዚያው ሥር ነው። «የባሰ አታምጣ» የምንልበት ጸሎትና ሰው የምናስሸሽበት ቃል አንድ ሥር ይዘው መገኘታቸው ያሳዝነኛል። «ገድ የለሽ» ቢባል እንኳ ይቀል ነበር፤ አለመኖርን ብቻ ነው የሚናገረው።

አጻጻፉም ይበላሻል፤ «ገድ ቢስ» አይደለም። እንደ ዕድለ፣ እንደ አቅመ የመጨረሻው ፊደል ወደ ግዕዝ፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው ቅርጹ ይመለሳል፤ «ድ» «ደ» ይሆናል። ዋጋና ፍሬ በአናባቢ ስለሚያልቁ እንዳሉ ይቀራሉ።

ብርጭቆ ሲሰበር «ጦሳችንን ይዞ ይሂድ» እንላለን፤ ተሰብሮም ይመሰገናል፣ ክፉውን ተሸክሞልን ሄዷልና። ቤት ግን የትም አይሄድም። ሁለት ተከራይ ከከሰረበት በቃ፣ ሦስተኛው ኪራዩን ከመጠየቁ በፊት ጎረቤት ይጠይቃል፤ ቢገባም ደንበኛው ስሙን ሰምቶ በደጁ ያልፋል። ያን ጊዜ የሚያከስረው ቤቱ ሳይሆን ቃሉ ነው።

ቀጥሎ የሚገባው ቢቀናውስ? ያንን ቤት «ገደኛ» የሚል አፍ ይገኝ ይሆን? ወይስ ገደኛ የሚባለው ሰውየው ብቻ ሆኖ ቤቱ በስሙ ይቀራል?