አሜሪካ ውስጥ መኪና ስከራይ ወጪዬን የቀነስኩት እንዴት ነው

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራ የምሄደው በሜትሮ ስለሆነ የራሴ መኪና የለኝም። ግን ሰርግ አለ፣ ልቅሶ አለ፣ እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ዘመድ ጥየቃ አለ። በየዓመቱ ጁላይ 4 ሰሞን ደግሞ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ዝግጅት አለ። የሰው መኪና ለሳምንት ተውሶ ክፍለ ሀገር መሄድ ስለሚከብደኝ እከራያለሁ።

ኢንተርኔት ላይ በትልቁ የሚጻፈውን የቀን ሂሳብ ማየት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። እሱ ላይ ታክስ ይጨመራል፣ ልዩ ልዩ ክፍያ ይጨመራል። የማወዳድረው መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ድምር ብቻ ነው። በተለይ ኤርፖርት ያሉ ቅርንጫፎች ለኤርፖርቱ የሚከፍሉትን ድርሻ ደንበኛው ላይ ስለሚጭኑ ሂሳቡ ይንራል። ስለዚህ እማዬ ደለስ ኤርፖርት ስትደርስ የአክስቴ ልጅ ይቀበላታል፤ እኔ መኪናውን በማግስቱ ሰፈራችን ካለው ቅርንጫፍ እወስዳለሁ። የሰፈር ቅርንጫፍ ቅዳሜ ቶሎ ይዘጋል፣ ብዙ ጊዜም እሑድ አይሠራም። መመለሻውን በዚያው ልክ አስባለሁ።

ቦታ የምይዘው ቀደም ብዬ ነው። የምመርጠውም ስወስድ የሚከፈለውንና ያለ ቅጣት የሚሰረዘውን ነው። ቅድሚያ ቢከፈል ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን እጅን ያስራል። ከያዝኩ በኋላ አልፎ አልፎ ዋጋውን ደግሜ አያለሁ። ከወረደ አዲስ ይዤ የድሮውን እሰርዛለሁ። ለጁላይ ከሆነ ገና በፀደይ እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም በዚያ ሳምንት አገሩ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። አንዳንዴ የሳምንቱ ዋጋ ከአምስት ቀኑ ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ ሁለቱንም መሞከር ነው።

ሩቅ ስንሄድ፣ ለምሳሌ አትላንታ፣ ከ600 ማይል በላይ ስለሆነ ከወንድሜ ጋር እየተቀያየርን ነው የምንነዳው። ስሙ ውሉ ላይ መግባት አለበት። ሳይመዘገብ ነድቶ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ብዙ ኩባንያዎች ለሁለተኛ ሾፌር በየቀኑ ያስከፍላሉ። የኮስትኮ (በአባልነት የሚገበያዩበት ትልቅ መደብር) አባል ከሆናችሁ ግን የጉዞ ክፍሉ በሆነው በኮስትኮ ትራቭል በኩል የሚያዙት ላይ ለአንድ ተጨማሪ ሾፌር አይከፈልም። ለትዳር ጓደኛ በነፃ የሚፈቅዱም አሉ።

ትልቁ ገንዘብ የሚሄደው ኢንሹራንስ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ በደንብ አንብቤያለሁ። ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የተከራያችሁት መኪና ቢጎዳ ወይም ቢሰረቅ የሚከፍለው ነው። ይህን ከኪራይ ኩባንያው ካውንተር ላይ ብትገዙት በቀን ከ15 እስከ 30 ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ በሳምንት ሲባዛ ኪራዩን ሊያክል ምንም አይቀረው። አንዳንድ ክሬዲት ካርዶች ይህን ሽፋን በነፃ ይሰጣሉ። ሁኔታው፣ ኪራዩን በሙሉ በዚያ ካርድ መክፈልና የኩባንያውን ሽፋን አልፈልግም ማለት ነው። ሁሉም ካርድ ግን አይሰጥም፤ ከጉዞ በፊት ካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው። ይህን ክሬዲት ካርድ አይሸፍንም። ብዙ ወገኖቻችን ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚያዩ ነው አጥብቄ የምናገረው። የራሱ መኪና ያለው ሰው የእሱ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ለኪራዩም ይሠራል። እኔ መኪና የለኝም። ሜሪላንድ ውስጥ በሕግ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ሽፋን ለአንድ ተጎጂ 30 ሺህ፣ ለአንድ አደጋ በድምሩ 60 ሺህ፣ ለንብረት 15 ሺህ ዶላር ነው። የአሜሪካን የሆስፒታል ቢል ያየ ሰው ይህ በቂ ነው አይልም። ስለዚህ መኪና ለሌለው ሾፌር የሚሸጠውን ኢንሹራንስ ገዝቻለሁ። እንደ እኔ ደጋግሞ ለሚከራይ በየጊዜው ካውንተር ላይ ከመግዛት ይረክሳል። በዓመት አንዴ የሚከራይ ሰው ደግሞ ይህን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆነውን ሽፋን ካውንተር ላይ ቢገዛ ገንዘቡን አባከነ አልልም።

ካውንተሩ ላይ ያለው ልጅ አበሻ ሲሆን ይሉኝታ ይይዛል። በትህትና "አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ሽፋን አለኝ" ማለት ይበቃል። ሥራው ስለሆነ ደግሞ ሊጠይቅ ይችላል፤ መልሱ ያው ነው።

ዴቢት ካርድ ያላችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ። አንዳንዱ ቅርንጫፍ አይቀበልም፣ የሚቀበለውም የሚይዘው ዲፖዚት ከፍ ያለ ነው፤ እስኪለቀቅም ቀናት ይፈጃል። ዕድሜያቸው ከ25 በታች የሆኑ ልጆችም ተጨማሪ የቀን ክፍያ አለባቸው።

ለመንገድ ክፍያ (ቶል) የራሴን ኢ-ዚፓስ፣ ማለትም ክፍያውን ከአካውንቴ በራሱ የሚቆርጠውን መሣሪያ፣ ይዤ እሄዳለሁ። የመኪናውን ታርጋ አካውንቴ ላይ አስገባለሁ፣ ስመልስ አወጣዋለሁ። የኩባንያውን መሣሪያ ብጠቀም ከቶሉ በላይ ለአገልግሎቱም እከፍላለሁ። ነዳጅ ደግሞ ራሴ ሞልቼ እመልሳለሁ፣ ደረሰኙንም አልጥልም።

መኪናውን ስረከብም ስመልስም ዙሪያውን፣ ጎማውን፣ ማይሉንና የነዳጁን መጠን በስልኬ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። አንድ ጊዜ ከመለስኩ ሳምንታት በኋላ ለጭረት ክፈል የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ስረከብ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ከነቀኑ ላክሁላቸው፤ ጭረቱ ቀድሞ እዚያው ነበረ። ክፍያውን ሰረዙት።