አንቀጽ 2472

ዛሬ ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ዶርም ውስጥ ሁሉም ለመውጫ ፈተና ያጠናል። እኔም ደብተሬን ገልጫለሁ፤ ዓይኔ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው፤ ካልሆነም ፍርድ ቤት ውስጥ በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ። በሌላ ማስረጃ አይሆንም። ይህን ድሮ ሸምድጄዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። የገባኝ ግን ዘንድሮ ነው።

አንዲት እናት ነጻ የሕግ ድጋፍ ወደምንሰጥበት ቢሮ መጡ። ጣና ዳር ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ ናቸው። ነጠላቸው ላይ የዘይት ሽታ አለ። የእቁብ ዕጣቸው ሲወጣ 18 ሺህ ብር ለጎረቤታቸው አበደሩት፣ የባጃጁን ሞተር እንዲያሳድስ። ቡና ተፈልቶ፣ ሦስት ሰው በተቀመጠበት ነው ብሩን ቆጥረው የሰጡት። ዓመት አለፈ። መጀመሪያ "ትንሽ ይታገሱኝ" አለ። ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ። በመጨረሻ "የምን ብር?" አላቸው።

"ምስክር አለኝ ልጄ" አሉኝ። "ሦስቱም ይመጣሉ። አንዷ እንዲያውም አበልጄ ናት።"

ምላሴ ከበደኝ። "እማማ፣ ለዚህ ምስክር አይበቃም። ወረቀት ይፈልጋል" አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ "ሰው እያለ ወረቀት?" አሉ።

ለዚህ ጥያቄ አራት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ የተማርኩት መልስ አልነበረውም። ምክንያቱን አውቃለሁ። ምስክር ይረሳል፣ ይሞታል፣ ይገዛል። ሕጉ ወረቀት ማለቱ ትክክል ነው። ግን ሕጉ የወጣው በ1952 ነው፣ ረቂቁን ያዘጋጁትም ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ እማማ ለዓሣና ለዘይት በአንድ ጠዋት ከዚያ በላይ ያወጣሉ። ለትልቅ ብድር የታሰበው ጥንቃቄ አሁን የጉሊቱንም የጎረቤቱንም ብድር ይዞታል። እዚያ ሰፈር ደግሞ ጎረቤቱን "ፈርምልኝ" የሚል የለም፤ ስድብ ነው የሚመስለው።

አባቴ ትዝ አለኝ። ደራ ገበሬ ነው። ልጅ ሆኜ የድንበር ክርክር ነበረበት። በቀጠሮው ቀን ገና ሳይነጋ ተነስቶ ወደ ወረዳ በእግሩ ይሄዳል። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ለራፖር ጸሐፊ ይከፍልና አቤቱታ ያጽፋል። ማታ ወረቀቱን አጣጥፎ ለእኔ ይሰጠኛል፤ "እስኪ ምን ብዬ ነው የከሰስኩት?" ይለኛል። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ግማሹ አይገባኝም ነበር። በራሱ ስም የተጻፈውን የማያውቅ አባት አይቼ ነው ሕግ የመረጥኩት። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች" ይል ነበር ደጋግሞ። ስለ በቅሎና ስለ ጭብጦ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር ያኔ።

ከዚያ ግን ሕልሜ ብዙ ዞረ። አንደኛ ዓመት ላይ ዳኛ መሆን ነበር የምፈልገው። ሦስተኛ ዓመት ላይ አዲስ አበባ ሄጄ የባንክ ነገረ ፈጅ እሆናለሁ አልኩ። ጓደኞቼ አሁንም እንደዚያው ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ቤተሰብ የሚጠብቀው ደመወዝ ነው።

ወደ እማማ ልመለስ። በወንጀል ለተከሰሰና አቅም ለሌለው ሰው፣ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ፣ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተጽፏል። ብሯን ለተበላች እናት ግን በዚያ አንቀጽ ውስጥ ቦታ የላትም። ስለዚህ የድጋፍ ቢሮው ጠበቃ እየተቆጣጠረኝ ክሱን እኔ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ሲያልቅ ቁጭ ብዬ ቃል በቃል አነበብኩላቸው፣ "ልክ ነው?" እያልኩ። ወረቀት የለንም፤ የቀረን እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሰውዬው አልመጣም። በሁለተኛው መጣ። ዳኛዋ ጠየቁት። ብዙ ዝም አለ። "አሥሩን ሺህ ወስጃለሁ፤ ስምንቱን አላውቅም" አለ። ባመነው ላይ ክርክር የለም። ስለ ስምንቱ "ይማል" አልን። ማለ።

አጠገቤ እማማ ማልቀስ ጀመሩ። ስለ ስምንቱ ሺህ መስሎኝ እጃቸውን ያዝኩ። ስንወጣ፣ ዘንባባዎቹ ሥር ቆመን፣ "ለነፍሱ ፈርቼለት ነው ልጄ" አሉኝ። "ከትንሽነቱ ነው የማውቀው። በሐሰት አስማልኩት።"

ማታ ሐይቁ ዳር ብቻዬን ተቀመጥኩ። ማሸነፌ ይሁን መሸነፌ አልገባኝም። አሥር ሺህ ብር አስፈርደናል፤ መምህሬም ጎበዝ ብሎኛል። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። እነዚህ ሰዎች ቡና እየጠጡ ብሩ ሲቆጠር አንድ ወረቀት የሚጽፍላቸው ሰው በዚያ ሰፈር ቢኖር ኖሮ፣ ክስም መሐላም አይኖርም ነበር። እኛ ሁልጊዜ የምንደርሰው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

አሁን የምፈልገውን አውቃለሁ። ፈተናውን አልፌ፣ የሥራ ልምዴን ይዤ፣ የጥብቅና ፈቃዴን ባሕር ዳር ላይ አወጣለሁ። ቢሮዬ ገበያ አጠገብ ይሆናል፤ ፎቅ ላይ አይደለም። ክስ ብቻ ሳይሆን ውል፣ ደረሰኝ፣ ኑዛዜ እጽፋለሁ፣ ሰው በሚከፍለው ዋጋ። የጻፍኩትን ሁሉ ሳላነብላቸው አላስፈርምም።

ትናንት እማማ ተመልሰው መጡ። አንዲት ልጅ እግር ሴት አስከትለዋል፣ ሁለት ጎረቤቶችም አብረው አሉ። ልጅቷ እንጀራ ልትጋግር ነው፤ ለምጣድና ለጤፍ 4 ሺህ ብር ሊያበድሯት ነው። "ወረቀት አድርጊልን" አሉኝ። ጻፍኩ። አነበብኩላቸው። ሁለቱ ምስክሮች ፈረሙ፣ ልጅቷም ፈረመች። እማማ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በቆጠሩት ፊደል ስማቸውን ቀስ ብለው ጻፉ።

ልጅቷ ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ። "እማማ፣ አያምኑኝም እንዴ?" አለቻቸው።

"አምንሻለሁ" አሏት። "አንቺም እንዳትምዪ ብዬ ነው።"