የቤት ስም

አለቃችን ጠበቃው ጋሼ ይህን ታሪክ ለአዲስ ባለጉዳይ ሁሉ ይተርኩታል። ሲተርኩት ግን እኔ ትክክል የነበርኩበትን ግማሽ ስለሚዘሉት፣ እኔም በበኩሌ ልጻፈው።

አንዲት እናት የወራሽነት ውሳኔ አስወጥተው ነበር። ሟች ባለቤታቸው አዲስ አበባ ባለ ባንክ ያስቀመጡት ገንዘብ አለ፤ ባንኩ ደግሞ ከፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር በማኅተም የወጣውን ግልባጭ ካላየሁ ብሏል። ከወራሾቹ አንዷ የሆነችው ልጃቸው እዚያው አዲስ አበባ ትኖራለች። እማማ ወረቀቱን በማግሥቱ በአውቶቡስ ለሚሄድ የጎረቤት ልጅ ሊሰጡ ፌስታል አወጡ። ስድስት ወር የተመላለስንበትን ወረቀት በፌስታል!

“በሰው እጅ ሄዶ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል?” አልኳቸው።

“ልጁ ነዋ። እናቱን አውቃታለሁ።”

“በፖስታ ቤት ቢሆን እኮ ደረሰኝ አለው፤ ቁጥር አለው።”

“ቁጥሩ እናት አለው?”

የጽሕፈት ሠራተኛዋ ሳቀች። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ ማስተማር ይቀናኛል። ቁጥሩ 13 ምልክት እንዳለው፣ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ ከዚያ አገሩን የሚያሳዩ ሁለት ፊደላት እንደሆኑ፣ የእኛዎቹ ኢ እና ቲ እንደሆኑ አስረዳኋቸው። ዘጠነኛው አኃዝ ከፊቱ ካሉት ስምንቱ ተሰልቶ ስለሚወጣ፣ አንዱ ተሳስቶ ቢጻፍ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚያጋልጠውም ጨመርኩ። እማማ በትዕግሥት ሰሙኝ። ፖስታ ቤት ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ ያለ ነው ስላቸው ግን አላስጨረሱኝም።

“በዚያ ዘመንማ መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ይዞ ራሱ ይመጣ ነበር አሉ። ዓይኑን አይተው ይቀበሉታል፤ ደክሞት እንደሆነም ውኃ ይሰጡታል። ያንተን ማን አየው?”

ተስፋ ቆርጬ፣ ለነገሩ ያህል፣ “ለማንኛውም የምንልከው በአደራ ደብዳቤ ነው” አልኩ።

ቀና አሉ። “አደራ ነው የሚባለው?”

“አዎ። የአደራ ደብዳቤ።”

“ታዲያ እንደሱ አትለኝም! ቁጥር ቁጥር እያልክ ታደክመኛለህ።” ፌስታሉን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ መለሱት።

በከተማችን ፒያሳ ወዳለው፣ ጣልያን ወደ ሠራው ፖስታ ቤት አብረን ሄድን። መስኮቱ ጋ ሆኜ የተቀባይን ስም ጠየቅኳቸው። “ማሚቱ” አሉኝ፤ የአባቷንም ስም ጨመሩ። የመሥሪያ ቤቷን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ከወረቀት ላይ ገለበጥኩ፤ ሁለት ጊዜም አመሳከርኩ። ደረሰኙን ስሰጣቸው “እንደ ዓይንዎ ብሌን ይያዙት” አልኩ፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ከሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ። ደብዳቤው በሰላም ደርሷል። ልጅቷ መምጣቱን የሚገልጸውን ወረቀት ይዛ ልትቀበል ሄዳለች። መታወቂያዋ ላይ ግን ማሚቱ የሚባል ሰው የለም። ማሚቱ የቤት ስሟ ነው። ሠራተኛው አይቶ፣ “ይህ የእርስዎ አይደለም” ብሎ መልሷታል።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእማማ ነው ማለት ይቻል ነበር። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። የልጅቷ ሙሉ ስም እስከ አያቷ ድረስ በውሳኔው ላይ ተጽፏል። አቤቱታውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን አጥፌ ፖስታው ውስጥ ያስገባሁት፣ ያሸግኩት፣ በእሽጉም ላይ የቢሮውን ማኅተም የመታሁት እኔ ነኝ። ትክክለኛውን ስም ውስጥ ዘግቼበት ላዩ ላይ ማሚቱ ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩ ማረጋገጫ አኃዝ አለው፤ ስም ግን የለውም፤ የስሙ ማረጋገጫ እኔ ነበርኩ።

ጋሼ ሲሰሙ ምንም አላሉም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ይህ ከስድብ ይብሳል።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ደብዳቤ ለተቀባዩ እስኪሰጥ ድረስ የላኪው ነውና፣ ላኪው አድራሻ ይታረምልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። ለማመልከቻው ደረሰኙ ስላስፈለገ እማማን አስጠራሁ። ስቆጣጠር የምውል ሰው ነኝ፤ ከመዝገብ ቤታችን አንድ ደረሰኝ ለማውጣት ግን ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። እማማ የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈትተው፣ ከሁለት የብር ኖቶችና ከአንዲት ቁልፍ መካከል ሳይጨማደድ አወጡት።

ነገሩን ስነግራቸው ወቀሳ ጠብቄ ነበር። በፖስታ ቤቱ ይናደዳሉ፣ የጎረቤቱን ልጅ ያነሡብኛል ብዬ መልሱን እንኳን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ።

“ልጄን እንኳን ከለከላት?”

“አዎ፣ መታወቂያዋ ስላልገጠመ…”

“የገዛ ልጄን የከለከለ ለሌባማ እንዴት ይሰጣል! እውነትክን ነው፤ አደራ ያውቃል።” ቀጥለው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። “ስም መጻፉ ነው እንጂ የቸገረው።”

አድራሻው ታርሞ ወረቀቱ ለልጅቷ ተሰጣት፤ የባንኩም ነገር አለቀ።

ባለፈው ሳምንት እማማ ሌላ ፖስታ ይዘው መጡ። ተነሥቼ ወንበር ሳብኩላቸው፤ አመስግነው ጠረጴዛዬን አልፈው ወደ ጽሕፈት ሠራተኛዋ ሄዱ። ከነጠላቸው ቋጠሮ የልጃቸውን መታወቂያ ፎቶ ኮፒ አወጡና ፊቷ ዘረጉት።

“አንቺ ጻፊልኝ” አሏት፤ “ከዚህ ላይ እያየሽ።”